ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዋሱ ማነው?

በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ሊብሬውን ይዞ ወደ መድን ድርጅት ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አረቦኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሁለት ሦስት ድርጅት ካዟዟረ በኋላ ዝቅተኛውን ዋጋ ከጠራው ጋር ይዋዋላል። ለቤንዚን መኪና ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳም። ድርጅቶቹ የሚሸጡት ውል እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ልዩነቱ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የመኪናውን ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህል ሊይዝ የሚችለው ባትሪ በየትኛው አደጋ እንደሚካስ፣ በየትኛው እንደማይካስ ሳይታወቅ አረቦንን ብቻ ማወዳደር ጤፉን ሳያዩ በጆንያው ስፋት እንደ መገበያየት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን ዜሮ፣ በከፊል ለተበተኑት 5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ አድርጎት ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ ተከታታይ፣ የቶዮታ ቢዚ4ኤክስ እና ሌሎችም የከተማውን መንገድ ሞልተውታል። የመንግሥት ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉትን የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ከ100 ሺሕ በላይ አድርሰውታል። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ በብድር የገዛው፣ ለታክሲ ሥራ ያሰማራው ሁሉ የዚህ ገበያ ተካፋይ ሆኗል።

መኪናው ሲቀየር ግን የመድን ውሉ አብሮ አልተቀየረም። በአገራችን የሚሠራበት የተሽከርካሪ መድን ውል ከእንግሊዝ ልማድ የተወረሰ፣ ሞተር፣ ካምቢዮና የነዳጅ ታንክ ላለው መኪና የተጻፈ ነው። ክርክሩ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

ሦስተኛ ወገን ላይ ልዩነት የለም

ማንኛውም ተሽከርካሪ ሊኖረው የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። አረቦኑ የሚወሰነው በመንግሥት ታሪፍ እንጂ በገበያ ድርድር አይደለም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት በዚህ በኩል ከድርጅት ድርጅት ቢዞር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ዳሩ ግን በዚህ መድን ላይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የሚካሰው ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ካሳውም ጣሪያ አለው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለንብረት ጉዳት የተቆረጠው ጣሪያ 100 ሺሕ ብር ነበር። ያ ገንዘብ በዚያን ጊዜ የአንዲት ቪትስ ኮፈንና ፓራፋንጎ አሠርቶ የሚተርፍ ነበር። ዛሬ የፊት መብራቱ፣ ካሜራውና ሴንሰሩ አንድ ላይ የተሰፋ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከፊት ከተመታ ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚደርስ በጋራዥ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ኪሳራ የሚወርደው በገጪው ኪስ ላይ ነው። ስለዚህ የቤንዚን መኪና ባለቤትም ቢሆን ሙሉ ሽፋን ሲገዛ ለሦስተኛ ወገን ንብረት ከአዋጁ ጣሪያ በላይ ምን ያህል እንደተጨመረለት መጠየቅ አለበት። የሚገጨው መኪና ዋጋ ጨምሯልና።

አረቦኑ ርካሽ የሚመስልበት ምክንያት

የሙሉ ሽፋን አረቦን የሚሰላው መኪናው በተገመተበት ዋጋ ላይ ድርጅቱ ያወጣውን መጣኔ በማብዛት ነው። መጣኔው በመኪናው ዓይነት፣ በዕድሜውና በሚሰጠው አገልግሎት ይለያያል። ካሳ ሳይጠይቅ ዓመቱን የጨረሰ ደንበኛ ቅናሽ ያገኛል፤ ጎርፍ፣ ሁከትና የመሳሰሉት ሲጨመሩ ደግሞ ክፍያው ከፍ ይላል።

ለምሳሌ ያህል 3 ሚሊዮን ብር የተገመተ መኪና በ2 በመቶ መጣኔ 60 ሺሕ ብር፣ በ2.5 በመቶ 75 ሺሕ ብር ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 ሺሕ ብር ነው። ገዢው የሚከራከረው በዚህ በ15 ሺሕ ብር ነው። በዚያው መኪና ውስጥ ያለው ባትሪ ግን አንድ ሦስተኛውን ቢይዝ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ርካሹ ውል ባትሪውን በአንዱ አንቀጽ ከሽፋን አውጥቶት ከሆነ፣ በየዓመቱ 15 ሺሕ ብር ያተረፈ ደንበኛ አንድ ባትሪ ለመተካት ከ66 ዓመት በላይ መቆጠብ ይኖርበታል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ የነዳጅ መኪናን ዋጋ ሰቀለው፤ የ2014ቱ የታክስ ምሕረት ደግሞ የኤሌክትሪኩን አወረደው። በዚህ የተነሳ በደረጃ ተመሳሳይ ከሆኑ ሁለት መኪናዎች የኤሌክትሪኩ በአነስተኛ ዋጋ ተገምቶ አረቦኑም በብር ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን የታክስ ቅናሽ ጋራዥ አይከፍትም፤ መለዋወጫም አያከማችም። የኮሮላ ፍሬቻና በር ሶማሌ ተራ ገብቶ ማግኘት ይቻላል። የአዲስ ሞዴል የባትሪ ክፍል ወይም የመቆጣጠሪያ ሳጥን ግን ከቻይና ታዝዞ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት የሚጠበቅ ነው። መኪናው ለወራት ሲቆም ባለቤቱ የሚያጣውን ገቢ የተለመደው ውል አይክስም።

«የኤሌክትሪክ ብልሽት» የምትለዋ ሐረግ

የተለመደው የሙሉ ሽፋን ውል ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትን፣ መብረቅንና ስርቆትን ይክሳል። ከዚያ ቀጥሎ የማይካሱት ይዘረዘራሉ፤ በአገልግሎት ማለቅ፣ እርጅና፣ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽት የሚሉት ሁልጊዜም አይጠፉም። በቤንዚን መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ብልሽት ማለት ዲናሞ፣ ሞተሪኖ ወይም የመብራት ሽቦ ነበር። ማንም አይከራከርበትም፤ በጥቂት ሺሕ ብር ይሠራ ነበርና። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ያቺው ሐረግ ባትሪውን፣ ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም መኪናውን መኪና የሚያደርገውን ሁሉ ልትጠቀልል ትችላለች።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ባትሪ የሚጎዳባቸውን መንገዶች መለየት ይጠቅማል።

መኪናው ተጋጭቶ ባትሪው ከተጨፈለቀ ክርክር የለም፤ የግጭት ጉዳት ነው። የከፋው የሆዱ ነገር ነው። ባትሪው በመኪናው ወለል ሥር የተነጠፈ በመሆኑ ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ፣ የወጣ ኮብልስቶን ወይም የተከፈተ የቦይ ክዳን ሊነካው ይችላል። ሾፌሩ ጓ ሲል ሰምቶ ያልፋል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ የሚበራው ከሳምንት በኋላ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «አደጋ ነው» ሲል ድርጅቱ «ብልሽት ነው» ሊል ይችላል። የፖሊስ ማስረጃ የለም፤ ቀኑም አይታወቅም።

ሌላው ጎርፍ ነው። በክረምት ቀለበት መንገዱ ላይ ውኃ ሲተኛ የገባ መኪና ባትሪው ውኃ ካስገባ፣ ካሳው የሚወሰነው ጎርፍ በተጨማሪ ሽፋን ተገዝቶ እንደሆነ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከመጠን ያለፈ ኃይል ቻርጀሩን ወይም የመኪናውን መቀበያ ካቃጠለስ? እሳት ከተነሳ የእሳት አደጋ ሊባል ይችላል። እሳት ሳይነሳ ዕቃው ብቻ ከሞተ ግን ያቺው ሐረግ ትመዘዛለች።

በመጨረሻም ባትሪው በዕድሜ ኃይሉ ቢቀንስ የተለመደው የመኪና መድን አይክሰውም። እርሱ የፋብሪካው ዋስትና ጉዳይ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160 ሺሕ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ይህ ዋስትና በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው በይፋ በተሸጠበት አገር ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ እጅ አዲስ አበባ የገባ መኪና ከፋብሪካው ዋስትና ውጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና የፋብሪካ ዋስ የለውም፤ የመድን ውሉም ከተወው ባለቤቱ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ቻይኖቹ እንዴት አደረጉት?

መኪናዎቹ የመጡበት አገር ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ገጥሞታል። በቻይና ለአዲስ ኃይል ተሽከርካሪዎች ብቻ የተዘጋጀ የመድን ውል ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2021 ነው። ውሉ ባትሪውን፣ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን በስም ጠርቶ ከሽፋኑ ውስጥ አገባ። ሽፋኑ መኪናው ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ቆሞም ሆነ ኃይል ሲሞላ እንዲሠራ፣ እሳትም እንዲጨምር አደረገ። የባትሪ ኃይል መቀነስን ግን በግልጽ አስወጣ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው ተጨማሪ ሽፋኖቹ ናቸው። ከውጭ መስመር በሚመጣ የኃይል መዛባት የሚደርስ ጉዳት ከዋናው ውል ወጥቶ ለብቻው በተጨማሪ ክፍያ ይሸጣል። የቤት ቻርጀር ጉዳት ራሱን የቻለ ሽፋን አለው፤ ቻርጀሩ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነትም እንዲሁ። ደንበኛው የትኛውን እንደገዛና የትኛውን እንደተወ ያውቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የኃይል መዛባት ሽፋን ከቤጂንግ ይልቅ ለአዲስ አበባ እንደሚያስፈልግ ማንም አይስተውም።

ግልጽ ውል ማለት ግን ርካሽ ውል ማለት አይደለም። የቻይና መድን ድርጅቶች እ.ኤ.አ በ2024 ለ31.05 ሚሊዮን አዲስ ኃይል ተሽከርካሪዎች ሽፋን ሰጥተው 140.9 ቢሊዮን ዩዋን አረቦን ሰብስበዋል። ይህም በአማካይ ለአንድ መኪና 4,500 ዩዋን ያህል ነው። ይህን ሁሉ ሰብስበውም በዚያው ዓመት 5.7 ቢሊዮን ዩዋን ከስረዋል። ፋብሪካው ቢዋይዲ ራሱ የመድን ኩባንያ ገዝቶ ሥራውን ቢጀምርም ኩባንያው በ2024 ኪሳራ አስመዝግቧል። መለዋወጫው በደጃፉ ያለ፣ መኪናውን ራሱ የሚሠራ ድርጅት የከሰረበትን ሥራ፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ድርጅት በቤንዚን መኪና መጣኔ እሠራዋለሁ ሲል አስተዋይ ገዢ ሊጠራጠር ይገባዋል።

በእንግሊዝም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ታቻም የተባለው የመድን ድርጅቶች የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ጥናት የኤሌክትሪክ መኪና የካሳ ወጪ ከነዳጅ መኪናው በ25.5 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ጥገናውም 14 በመቶ የሚረዝም ጊዜ እንደሚወስድ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በጆን ሉዊስ ስም ይሸጥ የነበረው የመኪና መድን ለኤሌክትሪክ መኪናዎች አዲስ ውል መስጠትን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ትልቁ ችግር የተመታ ባትሪ ደኅና መሆኑን የሚመረምርና የሚጠግን ባለሙያ ማነስ ነው። ምርመራው ካልተቻለ ድርጅቱ ቀላል ጉዳት የደረሰበትን መኪና እንደ ጠቅላላ ውድመት ቆጥሮ ቅሪቱን በሐራጅ ወደ መሸጥ ይሄዳል።

የብር ዋጋና የመኪናው ግምት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በተገመተ ዋጋ ውሉን ሳያሻሽል እያደሰ የመጣ ባለቤት ያለ በቂ ዋስትና እየነዳ ነው። ንብረቱ ከዋጋው በታች ዋስትና ከተገባለት በጎደለው መጠን ባለቤቱ የራሱ ዋስ ሆኖ ይቆጠራልና።

አንድ መኪና በ2 ሚሊዮን ብር ዋስትና ተገብቶለት በአደጋው ቀን የገበያ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ብር ነበር እንበል። የጥገናው ወጪ 700 ሺሕ ብር ቢሆን ድርጅቱ የሚከፍለው 400 ሺሕ ብር ነው። ቀሪው 300 ሺሕና ተቀናሹ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በአነስተኛ ግምት አረቦን ያተረፈ የመሰለው ሰው ትርፉን በአንድ ቀን ይመልሳል።

ተቃራኒውም አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴል ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ አዲሱ በተሻለ ባትሪና በረከሰ ዋጋ ሲገባ የአምናው ይወርዳል። በአምናው ዋጋ ከፍተኛ አረቦን የከፈለ ሰው መኪናው ቢወድም የሚሰጠው የዕለቱ የገበያ ዋጋ እንጂ ውሉ ላይ የተጻፈው አይደለም። ስለዚህ ውል በታደሰ ቁጥር ግምቱን ከገበያው ጋር ማስተያየት የግድ ነው። በተለይ መኪናው በባንክ ብድር ከተገዛና ካሳው በቅድሚያ ለባንኩ የሚከፈል ከሆነ፣ በግምት ስህተት የሚመጣው ጉድለት መኪና አሳጥቶ ዕዳ ሊያስቀር ይችላል።

የቤት መኪና ወይስ ታክሲ?

የኤሌክትሪክ መኪና በነዳጅ ወጪ ቅናሹ ምክንያት በስልክ ጥሪ ለሚሠራው ታክሲ ተፈላጊ ሆኗል። ብዙዎች የቤት መኪና ብለው ዋስትና ገብተው ማታ ማታና በሰንበት ተሳፋሪ ይጭናሉ። የቤት መኪና አረቦን ከታክሲው ያንሳል፤ የሚሠራው ግን ለውሉ በተነገረው አገልግሎት ብቻ ነው። በአደጋው ሰዓት ክፍያ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ይዞ የነበረ መኪና ካሳ ሊከለከል ይችላል። በቻይናም ድርጅቶቹን ካከሰሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው በቤት መኪና ስም የሚሠራ የታክሲ ሥራ ነው።

ሲያወዳድሩ ምን ይጠየቅ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ሁለት ዋጋዎችን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በፊት ሁለት ውሎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንደሚገባ ነው። ገዢም ሆነ ደላላ ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚከተሉትን በጽሑፍ እንዲመልስ ቢጠይቅ ዋጋው ራሱን ይገልጣል።

አንደኛ፣ ባትሪው፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው በውሉ ላይ በስም ተጠቅሰዋል? «የኤሌክትሪክ ብልሽት» የምትለዋ ሐረግስ እነርሱን እንደማትነካ በአባሪ ተገልጿል?

ሁለተኛ፣ ሽፋኑ መኪናው ቆሞ ኃይል ሲሞላ ይሠራል? ከመስመር የሚመጣ የኃይል መዛባት፣ የቤት ቻርጀሩና ቻርጀሩ በጎረቤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተሸፍኗል?

ሦስተኛ፣ ባትሪ ሲተካ በዕድሜ ተቀንሶ ነው ወይስ በሙሉ ዋጋ? ተቀናሹ የሚሰላው ከካሳው ላይ ከሆነ በ10 በመቶ ስሌት የ1 ሚሊዮን ብር ባትሪ ባለቤቱን 100 ሺሕ ብር ያስከፍላል። ይህ ልዩነት ከአረቦኑ ልዩነት ይበልጣል።

አራተኛ፣ የተጎዳ ባትሪ የሚመረመረው የት ነው? ድርጅቱ የሚሠራበት ጋራዥ ለዚያ ሞዴል የምርመራ መሣሪያ አለው?

አምስተኛ፣ የማንሻና የማጓጓዣ ወጪ ጣሪያው ስንት ነው? የኤሌክትሪክ መኪና ጎማው መሬት እየነካ ሊጎተት አይገባም፤ ጭነው የሚወስዱት ነው፤ ይህም ከተራ መጎተት በላይ ያስከፍላል።

መልሱን በጽሑፍ የሰጠ ድርጅት አረቦኑ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ገዢው ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል። መልሱን በቃል ብቻ የሰጠ ድርጅት ግን በካሳ ቀን የሚያነበው ውሉን ነው፤ በዚያ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ጥሩ አቀባበል አይቆጠርም።

ለመድን ድርጅቶቹም ጊዜው አላለፈም። የግል መድን ከተፈቀደበት ከ1986 ዓ.ም ወዲህ በተሽከርካሪ መድን ላይ የተካሄደው ፉክክር በአብዛኛው ዋጋ በመቀነስ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና በውሉ ይዘት ለመፎካከር የመጀመሪያውን ሰፊ ዕድል ይዞ መጥቷል። መኪናው እየበዛና እያረጀ፣ ባትሪውም ከፋብሪካ ዋስትና እየወጣ በሄደ ቁጥር ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ማምራቱ አይቀርም። ዛሬ በአንድ ገጽ አባሪ የሚያልቀው ነገር ያን ጊዜ በጠበቃ ክፍያ ይጠናቀቃል።